ስለ ሚንስሚር የአዕዋፍ ጥብቅ ስፍራና አንድን መዓልት በዚያ ስለ ማሳለፍ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ ጠረፍ፣ የሰሜን ባሕር ሞገድ ጠጠሩን እያንከባለለ በሚመታው ዝቅተኛ መሬት ላይ፣ ሚንስሚር የሚባል የአዕዋፍ ጥብቅ ስፍራ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 1,000 ሄክታር ይጠጋል፤ በዚህም ስፋት ውስጥ የባሕሩ ዳርቻ፣ ጨው የተቀላቀለበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ ሰፊ የሸምበቆ ረግረግ፣ የግጦሽ ሜዳ፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ዱርና በቁጥቋጦ የተሸፈነ አሸዋማ ምድር እርስ በርሳቸው ተጎራብተው ስለሚገኙ፣ በእግር መሄድ የማይሰለቸው ሰው በአንድ መዓልት ሁሉንም ሊያዳርሳቸው ይችላል። በብሪታንያ ደሴት ለአዕዋፍ ከተከለሉት ስፍራዎች መካከል ስማቸው ከገነነው አንዱ ይህ ሲሆን፣ በዚያ አገር ለሚኖር የአማርኛ አንባቢም ከለንደን ተነሥቶ ሊደርስበት የማይቸግር በመሆኑ፣ ጠባዩንና ታሪኩን ማስተዋወቅ፣ ጐብኚውም ቀኑን እንዴት ሊያሰናዳ እንደሚገባው ማመልከት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹና ወሮቹ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰዎች አዕዋፍን ማየት የዕድል ነገር ይመስላቸዋል፤ ወፍ ክንፍ ያለው ፍጡር ነውና ወደ ወደደበት ይበራል፣ ተመልካቹም ያጋጠመውን አይቶ ይመለሳል ብለው ያስባሉ። በሚንስሚር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚህ ስፍራ እያንዳንዱ ኩሬ በምን ወር ምን ያህል ውኃ እንዲይዝ፣ እያንዳንዱ ደሴት መቼ ከውኃው በላይ እንዲታይ፣ ሸምበቆው የት እንዲታጨድና የት እንዲቆም በሰዎች ምክርና ድካም የተወሰነ ነው፤ አዕዋፉም በዚህ በተለካ ውኃ ላይ ምግባቸውንና ጎጆአቸውን ስለሚያገኙ፣ የውኃውን ሥርዓት ያወቀ ሰው ወፉን የት እንደሚያገኘው፣ የፀሐይን ሥርዓት ያወቀ ደግሞ ከየት ቆሞ እንደሚያየው አስቀድሞ ያውቃል። የሚንስሚርን ቀን ማቀድ ማለት እነዚህን ሁለት ሥርዓቶች ማገናኘት ነው ብል አልተሳሳትሁም፤ ይህንንም ለመረዳት በመጀመሪያ ስፍራው እንዴት እንደ ተፈጠረ ማወቅ ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ገበሬዎችና ባለርስቶች የሚንስሚርን ረግረግ በቦይ አንጥፈው የግጦሽና የእርሻ መሬት አድርገውት ነበር። በዚያው መቶ ዓመት አቮሴት የሚባለው ወፍ ከብሪታንያ ምድር ፈጽሞ ጠፋ። አቮሴት ነጭና ጥቁር ላባው የጠራ፣ እግሩ ሰማያዊ አመድማ የሆነ ረጅም፣ ቀጭን ምንቃሩም ከጫፉ ወደ ላይ የቀና ወፍ ሲሆን፣ ያንን ምንቃር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ ከሳሳው ውኃ ውስጥ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማል፤ ስለዚህም ረግረጉ ሲነጥፍ፣ እንቁላሉ ሲለቀም፣ ለመታያም ሲባል በጥይት ሲገደል መኖሪያ አጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ በ1940 ጀርመኖች በዚህ ጠረፍ ይወርዳሉ ተብሎ በተፈራ ጊዜ ግን፣ የጦሩ ሹማምንት ለጠላት መረማመጃ እንዳይሆን ሜዳውን በውኃ አጥለቀለቁት። ጦርነቱ ሲያልቅ ውኃው ያለፈበት መሬት ሸምበቆና ኩሬ ሆኖ ተገኘ፤ በ1947 አቮሴቶች ከባሕር ማዶ መጥተው በዚሁ በሚንስሚርና በዚያው በሰፎክ ጠረፍ ባለችው በሃቨርጌት ደሴት እንቁላል ጥለው ፈለፈሉ። ለጦርነት ሲባል የተለቀቀ ውኃ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጠፋውን ፍጡር መልሶ ማምጣቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ እኔም የዚህን ስፍራ ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ከሁሉ ይልቅ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በዚያው በ1947 የአዕዋፍ ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር ከመሬቱ ባለቤቶች ከኦጊልቪ ቤተሰብ ጋር ተስማምቶ ጥበቃውን ተረከበ፤ በ1977ም መሬቱን ገዝቶ የራሱ አደረገው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1889 ሲሆን፣ መሥራቾቹ በዚያ ዘመን ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል የሚሊዮን አዕዋፍ ነፍስ መጥፋቱ ያሳዘናቸው ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ኤሚሊ ዊልያምሰንና ኤታ ሌመን በስም ይታወሳሉ። ማኅበሩ በ1904 የንጉሥ ቻርተር ተቀበለ፤ የላባ ንግድን የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው በ1921 ነበርና፣ እነዚያ ሴቶች የጀመሩት ትግል ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አቮሴት ዛሬ የማኅበሩ ዓርማ ነው።

ይሁን እንጂ በጦርነት ጊዜ የፈሰሰ ውኃ ለዘለዓለም አይቆይም፤ ረግረግም ካልጠበቁት ቀስ በቀስ ሣርና ዛፍ እየወረሰው ወደ ደረቅ መሬት ይለወጣል። ከ1959 እስከ 1975 የስፍራው ጠባቂ የነበረው በርት አክሰል ይህን ተመልክቶ፣ ከ1962 ጀምሮ የላይኛውን አፈር በማሽን አስጠርጎ፣ ስክሬፕ የተባለውን ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሠራ። በኩሬው መካከል ብዙ ትናንሽ ደሴቶች ቀርተዋል፤ አንዳንዶቹ ጠጠር ለብሰዋል፣ አንዳንዶቹ ጭቃ ናቸው፣ አንዳንዶቹም አጭር ሣር አላቸው፤ እያንዳንዱ የአዕዋፍ ወገን ለጎጆው የሚመርጠው ምድር የተለየ ነውና። በአንድ የውኃ መዝጊያ አማካይነት የባሕሩ ጨው ውኃና ከወንዝ የሚመጣው ጣፋጭ ውኃ በልክ ይቀላቀላሉ፤ ጨው ሲበዛ የማይፈለገው ሣር ይሞታል፣ ሲያንስ ለወፎቹ ምግብ የሚሆኑት ትላትሎች ይለወጣሉ። በብርዱ ወራት ውኃው ከፍ ተደርጎ ደሴቶቹ ከአረም ይጸዳሉ፤ የጸደይ ወራት ሲቃረብ ዝቅ ይልና ጭቃው ይገለጣል፤ በዙሪያው የተዘረጋው የኤሌክትሪክ አጥርም ቀበሮን ከጎጆዎቹ ይከለክላል። አክሰል ያደረገው ሌላ ትልቅ ነገር፣ ሰው ኩሬውን እየዞረ ሳያስደነግጣቸው እንዲያያቸው በዙሪያው መመልከቻ ጎጆዎችን መትከሉ ነው። ለአዕዋፍ መኖሪያን ከባዶ መሬት ላይ አስቦ መሥራት በዚያን ጊዜ እንግዳ ሐሳብ ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ኩሬዎች የሚሠሩት የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ነው።

መመልከቻ ጎጆ የምላት ከእንጨት የተሠራች፣ ውስጧ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ ፊቷም ጠባብና ረጅም መስኮቶች ያሏት ቤት ናት። በአገራችን ገበሬ ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ይዞ ወፍ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ እዚህም ሰው ከንጋት እስከ ምሽት ተቀምጦ ወፍ ይጠብቃል፤ ልዩነቱ ያኛው ወፉ እንዲሄድለት፣ ይህኛው ወፉ እንዲቀርብለት መጠበቁ ነው። ጥንታዊው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ፣ ወደ ግእዝ በተመለሰ ጊዜ አባቶቻችን ያነበቡት፣ ስለ አዕዋፍ ጠባይ የተናገረው ለምሥጢርና ለምሳሌ ነበር፤ በእንዲህ ያለች ጎጆ የተቀመጠ ተመልካች ግን ወፉን ለወፉ ሲል፣ ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚራመድ፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ ያያል። ሁለቱም የአንክሮ መንገዶች ናቸው፤ እኔ አንዱ ሌላውን ይሽራል ብዬ አላምንም።

በሚንስሚር ሁለት ሌሎች አዕዋፍ ከአቮሴት ያላነሰ ታሪክ አላቸው። አንደኛው ማርሽ ሃርየር የሚባለው የረግረግ ጭልፊት ነው፤ የረግረግ መንጠፍ፣ የአደን ጠባቂዎች ጥይትና፣ የእንቁላልን ቅርፊት የሚያሳሳው ዲዲቲ የተባለው የነፍሳት መርዝ ተባብረው አጥፍተውት፣ በ1971 በብሪታንያ ሁሉ የቀረው አንድ ጎጆ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሚንስሚር ሸምበቆ ውስጥ ነበረ። ያ አንድ ጎጆ ቢጠፋ ኖሮ ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩት ጥንዶች ከየት ይመጡ ነበር ብሎ ማሰብ ያስፈራል። ሁለተኛው ቢተርን ነው፤ ረጅም እግርና አንገት ካላቸው ዓሣ አዳኝ አዕዋፍ ወገን ሲሆን፣ ቡናማ ላባው በጥቁር መስመር የተሠነጣጠቀ ስለሆነ በደረቀ ሸምበቆ መካከል ሲቆም ከሸምበቆው አይለይም፤ አደጋ የመጣበት ሲመስለው ምንቃሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይቆማል፣ ነፋሱ ሸምበቆውን ሲያወዛውዝም አብሮ ይወዛወዛል። ወንዱ በጸደይ የሚያሰማው ጥልቅ ድምፅ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ስለሚችል፣ ሊቃውንቱ ቢተርንን የሚቆጥሩት በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። በ1997 በተቆጠረ ጊዜ በብሪታንያ ሁሉ ድምፃቸው የተሰማው ወንዶች 11 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ ሸምበቆው በየዓመቱ የሚያራግፈው ቅጠል እየተከመረ ረግረጉን ከፍ ስላደረገውና ስላደረቀው፣ ወፉ የሚመገበው ዓሣ መግቢያ ማጣቱን ተረዱ፤ ስለዚህ በሚንስሚር የአሮጌውን ሸምበቆ መሬት በማሽን ቆፍረው ዝቅ አደረጉት፣ ቦዮችና ትናንሽ ኩሬዎችም ከፈቱበት። ዛሬ በአገሪቱ ድምፃቸው የሚሰማው ወንዶች ከ200 በላይ ናቸው።

እንግዲህ ጐብኚው መቼ ይሂድ? ይህ ስፍራ ባዶ የሚሆንበት ወር የለም፤ ሆኖም አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለውን ጊዜ እመርጥለታለሁ። በዚህ ጊዜ ቢተርን ይጮኻል፣ አቮሴት ጫጩቶቹን ይመራል፣ በብርዱ ወራት ወደ አፍሪካ ሄደው የነበሩት ስደተኞች አዕዋፍም ተመልሰዋል። ነቢዩ ኤርምያስ አዕዋፍ የመምጫቸውን ጊዜ ማወቃቸውን ለሕዝቡ መገሠጫ አድርጎ ተናግሯል፤ በሚንስሚር የሚቀመጥ ሰው ያንን ዕውቀት በዓይኑ ያየዋል። ከዚያ የሚፈልፈሉት አብዛኞቹ ስደተኞች የሚከርሙት በምዕራብ አፍሪካ በኩል ቢሆንም፣ አቮሴትም፣ የረግረግ ጭልፊቱም፣ በግንቦት በወንዱ አንገት ላይ ሰፊ የላባ አንገትጌ የሚበቅልለት ረፍ የተባለው ወፍም በእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በአብያታና በዝዋይ ዳርቻ በበጋ የሚታዩ ወገኖች ናቸው፤ ወደ እኛ የሚመጡት ግን በብዛት በምሥራቅ አውሮፓና በእስያ የተፈለፈሉት ናቸው። ስለዚህ በአብያታ ዳር ያደገ ሰው በሚንስሚር መስኮት ላይ ቢቀመጥ ሁሉም ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ወፍ ተመልካች የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂቱ መልካም ይሁን። ከሁሉ በፊት ሁለት ዓይና መነጽር ያስፈልጋል፤ በላዩ ከሚጻፉት ሁለት አኀዞች የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስንት ሚሊሜትር ስፋት እንዳለው ያመለክታሉ። ለጀማሪ 8 በ42 የሆነው ይሻላል፤ አብልጦ የሚያቀርበው መነጽር የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያበዛዋል፣ የሚታየውንም ሜዳ ያጠብበዋል፤ ሰፊ መስታወት ደግሞ በንጋትና በምሽት ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። በሦስት እግር ላይ የሚቆመው አንድ ዓይና መነጽር ለስክሬፑ እጅግ ይጠቅማል፤ የሌለው ሰው ግን አይዘን፣ በጎጆዎቹ ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤቱን ይጋብዛልና። የአዕዋፍ ሥዕል ያለበት መለያ መጽሐፍ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ ስንቅና ውኃ ይያዝ። ልብስን በተመለከተ፣ በግንቦትም ቢሆን ከሰሜን ባሕር የሚነሣው ነፋስ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ካፖርት አይቅር፤ ቀለሙም የሜዳውን የመሰለ ቢሆን ይመረጣል።

የጉዞው ነገር ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ የሚነሣ ሰው ኢፕስዊች ላይ ባቡር ለውጦ ዳርሻም በተባለችው ትንሽ ጣቢያ ይወርዳል፤ ከዚያ እስከ ጥብቅ ስፍራው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ይህንንም በታክሲ ወይም በብስክሌት መጨረስ ይቻላል። በግንቦት ግን በዚያ አገር ወደ ሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ስለሚነጋ፣ የማለዳው ባቡር የደረሰ ጊዜ የቀኑ ምርጥ ክፍል አልፏል፤ ስለዚህ ከዋዜማው ሄዶ በዌስትልተን ወይም በደንዊች መንደር ማደር የሚችል ሰው ይደር። የሚመሽበትም ሰዓት ወደ ምሽቱ 3 ይጠጋልና፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል በሆነበት አገር ለለመደ ሰው ይህ መዓልት እጅግ ረጅም ነው፤ ጉልበትን ከፋፍሎ ማሳለፍ ይገባል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት መዓልቱን ከነግህ እስከ ሠርክ እንደሚከፋፍሉት፣ እኔም ይህን ቀን በእነዚያ ሰዓታት መከፋፈል ቀሎ አግኝቼዋለሁ።

በነግህ ወደ ሸምበቆው መሄድ ነው። ነፋሱ ገና አልተነሣም፣ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ ቢተርንም ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸው በዚህ ሰዓት ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በዱሩ ዳር ስለሚያልፍ፣ ናይቲንጌል የተባለችው ዝማሬዋ የተመሰገነ ወፍ ከቁጥቋጦው ውስጥ ስታዜም መስማት ይቻላል፤ ወፊቱ ራሷ ቡናማና ቀላል ስለሆነች፣ ሊያያት የሚደክም ሰው ዜማዋን ያመልጠዋልና ቆሞ ማዳመጡ ይበልጣል። ከዚያ በሸምበቆው ዳር ከተሠሩት ጎጆዎች በአንዱ፣ በተለይ ከፍ ብላ ረግረጉን ቁልቁል በምታየው በቢተርን ጎጆ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጥ ያስፈልጋል። ቢተርን የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ሸምበቆ ወደ ሌላው በዝቅታ ሲበር ነው፤ የሚታይበትም ጊዜ አጭር ስለሆነ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የሚነሣ ሰው አያገኘውም። ፀሐይ ሞቅ ስትል የረግረግ ጭልፊቶቹ ይነሣሉ፤ በዚህ ወር ወንዱ ያደነውን ይዞ ሲመጣ ሴቲቱ ከጎጆዋ ተነሥታ በአየር ላይ ትገናኘዋለች፣ እርሱም ይለቀዋል፣ እርሷም በጀርባዋ ተገልብጣ በእግሯ ትቀበለዋለች። በሸምበቆው ጫፍ ላይ የሚንጠላጠሉት፣ ወንዶቹ በጉንጫቸው ጥቁር ጢም ያላቸው ቢርድድ ቲት የተባሉት ትናንሽ ወፎችም ነፋስ ሳይነሣ ካልተገኙ በኋላ አይገኙም።

በሠለስት፣ ጐብኚዎችን የሚቀበለው ቤት ሲከፈት ወደዚያ ተመልሶ በዕለቱ የታየውን መጠየቅ ይገባል። በፈቃደኝነት የሚያገለግሉት ሰዎች በትሕትና ይመልሳሉ፤ የታየው በሚመዘገብበት ደብተር ላይ የተጻፈውም ብዙ መንከራተትን ያስቀራል። በአጠገቡ ባለው የአሸዋ ገደል ሳንድ ማርቲን የተባሉት ስደተኞች ጉድጓድ ቆፍረው ስለሚፈለፍሉ፣ ቁርስ እየበሉ እነርሱን ማየት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ስክሬፑን መዞር ነው፤ የፀሐይን ሥርዓት ማወቅ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ዙሪያው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ስለምትወጣ፣ በምዕራብ በኩል ባሉት ጎጆዎች የሚቀመጥ ሰው ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል፣ ወፉም ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል፤ ወደ ምሥራቅ ጎጆ የሄደ ግን ፀሐይ ከጀርባው ሆና ኩሬውን ታበራለታለች፣ የአቮሴቱን የእግር ቀለም እንኳ ለመለየት ይችላል። ስለዚህ በሰሜኑ ግድብ ላይ ወደ ባሕሩ ተጉዞ፣ ዙሩን ከምሥራቅ ጀምሮ ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት በኋላም ወደ ምዕራብ ማድረግ ነው እንጂ በተቃራኒው አይደለም። ይህን ሳያውቁ በምዕራብ ጀምረው፣ ቀኑን ሙሉ ከብርሃን ጋር ሲታገሉ የሚውሉ ጐብኚዎች ያሳዝኑኛል።

በምሥራቁ ጎጆ ጊዜ አይቆጠር። ዓይን በመጀመሪያ የሚያየው ሁከትን ብቻ ነው፤ ጥቁር ራስ ያላቸው የባሕር ወፎች በመቶ ሆነው ይጮኻሉ፣ ተርን የተባሉት ቀጫጭን ክንፋሞች ዓሣ ይዘው ይመላለሳሉ፣ ዳክዬዎች ያንቀላፋሉ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሥርዓቱ ይገለጣል፦ እያንዳንዱ ደሴት የየራሱ ነገድ አለው፣ በየውኃው ጥልቀትም የየእግሩ ርዝመት የተለያየ ወፍ ይመገባል፤ አጭር እግር ያለው በጭቃው ዳር፣ ረጅም እግር ያለው ወደ ውስጥ ገብቶ። አቮሴት ጫጩቱን ለመጠበቅ በእጥፍ የሚበልጠውን ወፍ ሳይቀር ሲያባርር ይታያል። አዲስ ተመልካች ሁሉንም ለማወቅ ከመድከም አምስት ወይም ስድስት ወገኖችን መርጦ በደንብ ቢያጠና፣ በብዛት ስም ከሚያጠራቅመው ይልቅ ብዙ አይቷል።

ቀትር ሲሆን አዕዋፍም ጸጥ ይላሉ፤ ይህ ጊዜ የእግርና የአሳብ ጊዜ ነው። በባሕሩ ዳር ወደ ውኃ መዝጊያው የሚወስደውን መንገድ ሲሄዱ፣ በደቡብ በኩል የሳይዝዌል የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ ነጭ ጉልላት ይታያል፤ በሜዳው መካከል ደግሞ የፈረሰ የድንጋይ ቤተ ጸሎት ቆሟል። በ1182 የፕሪሞንትሬ ሥርዓት መነኮሳት ገዳማቸውን በዚህ ረግረግ አቋቁመው ነበር፤ ባሕሩና ጎርፉ ስላላስቀመጣቸው በ1363 ወደ ሌስተን ደጋ ተዛወሩ፣ ቤተ ጸሎቱ ግን በስፍራው ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፍርስራሹ ውስጥ የመትረየስ ምሽግ ሠርተውበታል፤ ዛሬም በቅዱሱ ግድግዳ መካከል ያ ኮንክሪት ይታያል። ወደ ሰሜን ያለችው ደንዊችም በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ወደብ ነበረች፤ ከ1286 ማዕበል ጀምሮ ባሕሩ ቤቶቿንና አብያተ ክርስቲያናቷን ተራ በተራ ወሰደ፣ የመጨረሻው የቅዱሳን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ግንብም በ1919 ከገደሉ ወደቀ። ይህን ያወቀ ሰው ስክሬፑን ከባሕሩ የሚለየው የጠጠርና የአፈር ግድብ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያስተውላል። በ2013 የሰሜን ባሕር ማዕበል በዚህ ጠረፍ ሁሉ ላይ ሲነሣ እንደታየው፣ የጨው ውኃ ወደ ሸምበቆው አብዝቶ ከገባ የቢተርን ዓሣ ይሞታል፤ የባሕሩም ከፍታ በየዘመኑ እየጨመረ ነው።

በዳርቻው ጠጠር ላይ በገመድ የታጠረ ስፍራ ሲታይ ማለፍ ክልክል ነው፤ እዚያ የሚፈለፍሉ ወፎች እንቁላላቸው ከጠጠሩ ስለማይለይ፣ አንድ የእግር ርምጃ የዓመቱን ልፋት ሊያጠፋ ይችላል።

በተሰዓት ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለችና በደቡቡና በምዕራቡ ጎጆዎች መቀመጥ ነው፤ ጠዋት ከወዲያኛው የታየው ደሴት አሁን በሌላው ጎኑ ይታያል፣ ተደብቀው የነበሩትም ይገኛሉ። በጎጆ ውስጥ የሚጠበቀውን ሥርዓት እዚህ ላይ ልጥቀስ፦ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ እጅም ሆነ መነጽር ከመስኮቱ ውጭ አይወጣም፣ ወፉን ያየ ሰው ላላየው ያመለክታል፣ የማያውቅም መጠየቅን አያፍርም። «ያ ከትልቁ ደሴት በስተ ቀኝ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ጀማሪ ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት በአንድ ጊዜ ያገኛል።

በሠርክ፣ ጉልበት ከተረፈ፣ ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ሰሜን ወዳለው አሸዋማ የቁጥቋጦ ምድር መውጣት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ናይትጃር የተባለው፣ ቀኑን በመሬት ላይ ከደረቀ ቅጠል ሳይለይ ተኝቶ የሚውል ወፍ ይነሣል፤ ሳያቋርጥ ለብዙ ደቂቃ የሚቆይ ድምፅ እያሰማ የሌሊት ነፍሳትን ያድናል። እርሱም ከአፍሪካ ዘግይተው ከሚደርሱት ወገን ስለሆነ ከግንቦት መጀመሪያ በፊት አይጠበቅም።

ሌሎች ጠረፎች ግን ሌላ ዕቅድ እንደሚጠይቁ መታወቅ አለበት። የሚንስሚር ኩሬዎች በግድብ የተጠበቁ ስለሆኑ የባሕሩ መሙላትና መጉደል አያስጨንቅም፤ በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ዎሽ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ወዳለችው ስኔትሻም የሚሄድ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሙላቱን ሰንጠረዥ መመልከት አለበት። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል አዕዋፉ በሰፊው ጭቃ ላይ ስለሚበተኑ ከዓይን ይርቃሉ፤ ከፍተኛ ሙላት ሲመጣ ግን ጭቃው ሁሉ ይሸፈንና፣ ኖት የተባሉት ወፎች በአሥር ሺህ ሆነው በአንድነት ተነሥተው ወደ ኋላ ባሉት ኩሬዎች ይሰፍራሉ። በዚያ የቀኑን ሰዓት የሚወስነው ጨረቃ ነው፤ ሙላቱ የሚበረታው ጨረቃ ሙሉና ሠርቅ በሆነችባቸው ቀኖች ዙሪያ ነውና።

በሚንስሚርም ቢሆን ለታኅሣሥና ለጥር ዕቅዱ ይለወጣል። በዚያ ወቅት የሚነጋው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ የሚመሸውም ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሆነ፣ መዓልቱን በአምስት መክፈል አይቻልም፤ ማለዳውን ለስክሬፑና ከሰሜን ለሚመጡት ዳክዬዎች፣ የቀረውን ሁሉ ለሸምበቆው መስጠት ይሻላል። ስደተኞቹ ሄደዋል፣ ቢተርንም አይጮኽም፤ ነገር ግን ሸምበቆው በመታጨዱና በውርጭ በመሳሳቱ፣ በተለይ ኩሬው በበረዶ ሲያዝ ወፉ ዓሣ ፍለጋ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ ከጸደይ ይልቅ ረጅም ሰዓት በግልጥ ቆሞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቢተርንን መስማት የሚወድ በግንቦት፣ ማየት የሚወድ በጥር ይሂድ፤ በሁለቱም ወራት ግን መጀመሪያ ወደ ጠባቂዎቹ ደብተር ጎራ ብሎ፣ ውኃው በዚያ ሳምንት የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንዳለ ይጠይቅ።